የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ድመትና አይጥ ሕፃን ሲጠብቁ

ባለፈው እትማችን ስለ ቀድሞ ዘመን የካርቱን ፊልሞች ባወጣነው ጽሑፍ፣ ሞግዚቷ በስልክ ወሬ ተጠምዳ ሳለ ድመቱ ቶምና አይጡ ጄሪ ሕፃን ለመጠበቅ የተገደዱበትን አጭር ፊልም በአንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰነው አልፈን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለዚሁ ፊልም በመሆኑ፣ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል። በመልሶቹ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

*የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ቤት በቪዲዮ ካሴት አንድ ፊልም ማየቴን አስታውሳለሁ። ሕፃን ልጅ በረጃጅም ብረቶች ላይ እየዳኸ ሲሄድ ቶምና ጄሪ ከኋላው እየተንቀጠቀጡ ይከተሉታል፤ መጨረሻው ግን ከአእምሮዬ ጠፍቷል። እናንተ የጠቀሳችሁት ይህንኑ ፊልም ይሆን? ታሪኩንስ ብትነግሩኝ?*
*የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ*

እኅታችን፣ ያዩት እርሱኑ ነው። ፊልሙ «ቶት ዎቸርስ» ይባላል፤ ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር ኩባንያ የሠሩት፣ ሰባት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ አጭር ፊልም ሲሆን ለሲኒማ ቤቶች የወጣው በኦገስት 1958 ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው እናት ከቤት ከመውጣቷ በፊት ጂኒ ለተባለች ወጣት ልጁን አደራ ስትሰጥ ነው። ጂኒ በሩ ከመዘጋቱ ስልኩን አንሥታ ወሬዋን ትቀጥላለች። ቶምና ጄሪ እንደ ልማዳቸው ሲሳደዱ ሕፃኑ ከጋሪው ወርዶ መዳኽ መጀመሩን ያያሉ፤ ጠባቸውንም አቁመው ወደ ጋሪው ይመልሱታል። ሕፃኑ ግን እንደተመለሰ ወዲያው ይወጣል። በአንደኛው ጊዜ ወደ ውሻው ቤት ይገባና ቶም እጁን ሰድዶ ሕፃኑን ያወጣሁ ሲመስለው የሚጎትተው ስፓይክን፣ ያንን ቁጡ ውሻ ይሆናል፤ ዱላውንም ይቀምሳል። ከዚህ በኋላ ቶም ሕፃኑን ይዞ በቀጥታ ለጂኒ ሊያስረክባት ሲሄድ፣ እርሷ ልጁን ከጋሪው ያወጣው እርሱ መስሏት በመጥረጊያ ራሱን ትመታዋለች።

በቀጣዩ ጊዜ ሕፃኑ ከጋሪው ሲወርድ ቶም አይቶ እንዳላየ ይሆናል። ነገር ግን ልጁ መንገዱን ይዞ በግንባታ ላይ ወዳለ ረጅም ሕንፃ ሲያመራ ድመቱም አይጡም መቀመጥ አልቻሉም። እርስዎ የሚያስታውሱት ይህን ክፍል ነው። ጄሪ ከሳንቃ ጫፍ ላይ ሊወድቅ የነበረውን ሕፃን በሽንት ጨርቁ ይይዘዋል፤ ጨርቁ ይፈታና ልጁ ሲወርድ ቶም ይቀልበዋል፤ ቶም ጨርቁን መልሶ አስራለሁ ሲል በግርግሩ ራሱን ያስርና ሕፃኑ እርቃኑን መንገዱን ይቀጥላል። ሲሚንቶ ማቡኪያ ውስጥ የገባ መስሏቸውም ሁለቱ ተከታትለው ይዘላሉ፤ ልጁ ግን ፈጽሞ አልገባም ነበር።

ከአእምሮዎ የጠፋው መጨረሻ ይህ ነው፦ ጂኒ በድንጋጤ ለፖሊስ ልጁ መጥፋቱን ስትናገር፣ ቶምና ጄሪ ደክመው ሕፃኑን ይዘው ይደርሳሉ፤ ፖሊሱም ሌቦች ናቸው ብሎ በመኪና ይወስዳቸዋል። የሆነውን ቢያስረዱትም አላመናቸውም። በዚያች ቅጽበት ግን ያ ሕፃን ከመኪናው አጠገብ እየዳኸ ያልፋል።

ከዚህ ፊልም ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1956፣ ያው ስልክ ወዳጅ ጂኒና ያው ተንፏቃቂ ሕፃን የሚታዩበት «ቢዚ ባዲስ» የተባለ ሌላ ፊልም ወጥቶ ነበር። በርካታ አንባቢያን ሁለቱን እያቀላቀሉ ስለሚጽፉልን ነው ይህን የምንጠቅሰው፤ በፎቅ ብረቶች ላይ የሚሄደው ሕፃን በ1958ቱ ፊልም ያለው ነው።

*ክቡር አዘጋጅ፣ እኔ በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የሰው ልጅ በመጠበቅ ሥራ ለረጅም ዓመታት ኖሬአለሁ። ልጅ ጠባቂ በፊልም ስትታይ ሁልጊዜ ስልክ የምታወራ፣ ግድ የሌላት ተደርጋ መሆኑ ያሳዝነኛል። ይህ ፊልምም ያንኑ የሚያጠናክር አይመስልዎትም?*
*ሞግዚት፣ ከሜሪላንድ*

እኅቴ፣ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። የሌላ ሰው ልጅ በአደራ ተቀብሎ ቀኑን ሙሉ መመገብ፣ ማጠብ፣ ማስተኛትና ዐይንን አለመንቀል ምን ያህል ትዕግሥትና ዕውቀት እንደሚጠይቅ እርስዎና ሙያውን የሚያውቁ ወገኖቻችን ትመሰክራላችሁ። ይሁን እንጂ ጂኒ እርስዎ የያዙት ሙያ ባለቤት አለመሆኗን መለየት ያስፈልጋል። እርሷ በዘመኑ አሜሪካ ለአንድ ምሽት ጥቂት ገንዘብ እየተከፈላት የጎረቤት ልጅ የምትጠብቅ ለጋ ወጣት ናት።

የዚህች ወጣት መምጣት የራሱ ምክንያት ነበረው። ከ1946 እስከ 1964 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ የወሊድ ቁጥር እጅግ አሻቅቦ ነበር፤ «ቶት ዎቸርስ» በሚሠራበት ወቅት፣ በ1957፣ በአንድ ዓመት ብቻ 4.3 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ተወልደዋል። ወጣት ባለትዳሮች ከከተማው ወጣ ባሉ አዳዲስ ሰፈሮች ቤት እየገዙ ሲገቡ፣ ልጅ የምትይዝላቸው አያት ወይም አክስት ከአጠገባቸው ራቀች። ለእራት ወይም ለሲኒማ መውጣት ሲያምራቸው ያለው አማራጭ ከጎረቤት የተማሪ ልጅ መጥራት ሆነ። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ይህን ካርቱን ከሚያዩት ጥንዶች ብዙዎቹ በዚያችው ሰዓት ልጃቸውን ለእንዲህ ያለች ወጣት ትተው የመጡ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሳቃቸው ውስጥ የራሳቸው ሥጋት ነበረበት ብዬ አምናለሁ።

ስልኩንም እንደ ዛሬው ኪስ ውስጥ የሚገባ አድርገን ማሰብ የለብንም። የዚያ ዘመን ስልክ በሽቦ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነውና ጂኒ ካወራች ከተቀመጠችበት መነቃነቅ አትችልም፤ ሕፃኑ ደግሞ የማይነቃነቅበት ጊዜ የለም። ታሪኩ በሙሉ የተገነባው ከቦታዋ በማትነሣው ወጣትና በማይቆመው ሕፃን መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው።

ያም ሆኖ ፊልሙ በአንድ ነገር ፍትሕ ያጎድላል የሚለውን ሐሳብዎን እጋራለሁ። ጂኒ ምን እንደምታስብ፣ ለምን እንደምትዘናጋ አንዳች ፍንጭ አይሰጠንም፤ ከአንድ ነገር ጋር የተጣበቀች ምስል ብቻ ሆና ትቀራለች። የሞግዚትን ልፋት ከሞግዚቱ ወገን ሆኖ የሚያሳይ ሥራ ማየት ከፈለጉ፣ በ1944 ፍራንክ ታሽሊን ለዋርነር ኩባንያ የሠራውን «ብራዘር ብራት»ን እጠቁምዎታለሁ። በዚያ ፊልም ለጦርነቱ በሚያመርት ፋብሪካ የምትሠራ እናት ልጇን ለአሳማው ለፖርኪ ትተዋለች፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፈ መጽሐፍም ትሰጠዋለች፤ እርሱም መጽሐፉ እንዳዘዘው ለማድረግ እየጣረ በልጁ እጅ መከራውን ያያል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት እናቶችን ወደ ፋብሪካ ባስገባበት ወቅት፣ ልጁን ማን ይጠብቅ የሚለው ጥያቄ የመላ አገሪቱ ጥያቄ ነበርና ፊልሙ የወጣበትን ጊዜ በደንብ ያሳያል።

*ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የአኒሜሽን ትምህርት ጀምሬአለሁ። ሕፃን ልጅ ከፎቅ ሊወድቅ ሲል ማየት በሌላ ቦታ የሚያስደነግጥ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በዚህ ፊልም ግን የሚያስቀው ለምንድን ነው? አሠራሩንስ ብታብራሩልን?*
*ተማሪ፣ ከባሕር ዳር*

ወንድማችን፣ የዚህ ፊልም ዋና ጥበብ ያለው በጠየቁት ነገር ውስጥ ስለሆነ መልሱን ዘርዘር እናደርገዋለን።

በመጀመሪያ የሕፃኑን ፊት ልብ ብለው ይመልከቱ። በፎቅ ጫፍም ይሁን በመንገድ መካከል፣ ከጋሪው ሲወርድ የነበረው ፊት ያው ነው፤ ወደ ታች አይመለከትም፤ አይደነግጥም። በአንዲት ቅጽበት እንኳ ፈርቶ ቢያለቅስ ኖሮ ተመልካቹ መሣቁን ትቶ ለልጁ ማዘን ይጀምር ነበር፤ ፊልሙም በዚያው ይፈርስ ነበር። ሃና እና ባርቤራ ፍርሃቱን ሁሉ ከሕፃኑ ላይ አንሥተው በቶምና በጄሪ ላይ ጫኑት። የሚያልባቸው፣ ዐይናቸው የሚፈጠው፣ የሚወድቁትና የሚመቱት እነርሱ ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ ምንም ቢደርስባቸው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደኅና ሆነው እንደሚነሡ ተመልካቹ ከ1940 ጀምሮ ሲያየው የኖረ ነገር ነው።

ሁለተኛው የፍጥነት ልዩነት ነው። ሕፃኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሄደው በአንድ ምት ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ቶም ግን ይሮጣል፣ ይቆማል፣ ይንሸራተታል፣ ይመለሳል። አንዱ መስመር ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሌላው በዙሪያው ሲጠማዘዝ የሚፈጠረው ንጽጽር፣ ሥዕሉ ብቻውን ሊሰጥ የማይችለውን ሳቅ ይሰጣል።

ይህን ምት የሚወስነው ሃና ነበር። በሁለቱ መካከል የነበረው የሥራ ክፍፍል የታወቀ ነው፤ ባርቤራ ቀልዱን እያሰበ በፍጥነት በሥዕል ያስቀምጣል፣ ሃና ደግሞ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ስንት ፍሬም፣ ማለትም ስንት ነጠላ ምስል፣ እንደሚወስድ ይቆጥራል። የሲኒማ ፊልም በአንድ ሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚያልፍበት፣ ሰባት ደቂቃ የሚሆን ፊልም ወደ 10,000 ፍሬም ይደርሳል፤ እነዚህም እንደ ሙዚቃ ኖታ በመስመር ተከፋፍለው በወረቀት ላይ ይሰፍራሉ። ሙዚቃውን የሚደርሰው ስኮት ብራድሊ ዜማውን በዚያው ቁጥር ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ቶም ሲንሸራተት የሚሰሙት የቫዮሊን ድምፅ የተንሸራተተበትን ፍሬም ጠብቆ የተጻፈ ነው። የቶም ጩኸት ራሱ የሃና ድምፅ መሆኑንም ማወቅ ይጠቅማል፤ ምቱን የሚቆጥረው ሰው ራሱ ነው የጮኸው።

ሦስተኛው የድግግሞሹ አደራደር ነው። ሕፃኑ ይወጣል፣ ይመለሳል፤ ይወጣል፣ ይመለሳል። ይህ ብቻ ቢሆን ይሰለች ነበር። ነገር ግን ልጁን መመለስ በየጊዜው የሚያስከፍለው ዋጋ እየጨመረ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ድካም ብቻ፣ ቀጥሎ የውሻው ዱላ፣ ከዚያም የጂኒ መጥረጊያ። መጥረጊያው ከሌሎቹ ይልቅ ያማል፤ ምክንያቱም ውሻው የመታው ቶም ስለተሳሳተ ነው፣ ጂኒ የመታችው ግን መልካም ስላደረገ ነው። ቶም ሕፃኑን አይቶ ዝም የሚልባት ያቺ ጸጥ ያለች ጊዜ የፊልሙ መታጠፊያ ናት። በእኔ አስተያየት ከግንባታው ትርኢት ሁሉ የምትበልጠው እርሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ ቶም ሲነሣ ማንም ሳያስገድደው፣ ዋጋውንም እያወቀ ነው። ያ ስግብግብና ክፉ ድመት በዚያች ሰዓት ለአንድ ሕፃን ሲል ሕይወቱን ሊሰጥ ይነሣል፤ ያለ አንድ ቃል፣ በአካል እንቅስቃሴ ብቻ ይህን መግለጽ መቻል ታላቅ ሥራ ነው።

በከፍታ ላይ ማሣቅ የእነርሱ ፈጠራ አይደለም። በ1923 ሃሮልድ ሎይድ «ሴፍቲ ላስት» በተባለው ድምፅ አልባ ፊልም ከፎቅ ሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ ዓለምን አስቋል። በ1934 የፍሌይሸር ወንድማማቾች በሠሩት፣ «ኤ ድሪም ዎኪንግ» በተባለው የመርከበኛው የፖፓይ ካርቱን፣ ወዳጁ ኦሊቭ በእንቅልፏ እየሄደች በግንባታ ብረቶች ላይ ስትራመድ፣ ፖፓይና ተቀናቃኙ ብሉቶ ማን ያድናት በማለት ይደባደባሉ። ሦስቱን በተከታታይ ቢያዩ ለትምህርትዎ ይጠቅማል። ሎይድ አደጋውን አውቆ ይፈራል፤ ኦሊቭ ተኝታለችና አታውቅም፤ የ1958ቱ ሕፃን ግን ነቅቶ፣ ዐይኑ ተገልጦ፣ ደስ ብሎት የሚሄድ ነው። ሦስተኛው ከሁሉም የሚከብድ ይመስለኛል፤ ጠባቂዎቹ ሊቀሰቅሱት እንኳ የማይችሉት ተጓዥ ነውና።

ስለ ምስሉ ስፋትም አንድ ነገር ልጨምር። ፊልሙ የተሠራው በሲኒማስኮፕ፣ ማለትም ወርዱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ሰፊ ምስል ነው። ይህ ስፋት ለመውደቅ ቀልድ አይመችም፤ ወደ ታች የሚሄድበት ቦታ ጥቂት ነው። ለመዳኽ ግን እጅግ ይመቻል፤ ሕፃኑ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እየዳኸ ሲሻገር ካሜራው ሳይንቀሳቀስ ሁሉን እናያለን። አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው፣ ሌላ ጊዜ ምስሉን ሳያዩ ድምፁን ብቻ እየሰሙ ቢመረምሩት፣ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ይማሩበታል።

*ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ልጄም ገና መዳኽ ጀምሯል። ፊልሙን ካየሁ ወዲህ አንድ ጥያቄ ይዞኛል። በእውነተኛው ሕይወት ሕፃን ልጅ ከፍታን አይፈራምን?*
*አባት፣ ከአዲስ አበባ*

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ የሥነ ልቦና ሊቃውንትም ጠይቀውታል፤ መልሱም ሁለት ገጽታ አለው። ኤሌነር ጊብሰን እና ሪቻርድ ዎክ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ጥናት ፊልሙ ከወጣ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ ታትሟል። ወፍራም መስተዋት የተነጠፈበት ጠረጴዛ አዘጋጁ፤ በአንዱ ወገን ባለ ካሬ ጨርቅ ከመስተዋቱ ሥር ወዲያው አደረጉ፣ በሌላው ወገን ግን ጨርቁን ወለሉ ላይ በማንጠፍ ገደል አስመሰሉት። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 14 ወር የሆኑ 36 ሕፃናትን መሐል ላይ አስቀምጠው እናቶቻቸው ከሁለቱም ወገን እንዲጠሯቸው አደረጉ። ከመሐሉ ከተነቃነቁት 27 ሕፃናት ሁሉም ቢያንስ አንድ ጊዜ ገደል ወዳልሆነው ወገን ሄዱ፤ ገደሉን በሚመስለው መስተዋት ላይ የተሻገሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዳንዶቹ እናታቸው ከወዲያ ስትጠራቸው መሻገሩን ፈርተው አለቀሱ።

ይህን ብቻ ሰምተው ልብዎን አያሳርፉ። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ምርምሮች እንዳሳዩት ጥንቃቄው ከልጁ ጋር አብሮ የሚወለድ ሳይሆን በመዳኽ ልምድ የሚገኝ ነው። ካረን አዶልፍ የተባሉት ተመራማሪ ሕፃናትን በተዳፋት ላይ ፈትነው፣ መዳኽ የጀመሩ ሰሞን ቀጥ ባለው ቁልቁለት ላይ ያለ ምንም ማመንታት እንደሚገቡ፣ ከሳምንታት ልምድ በኋላ ግን የሚያስኬደውን ከማያስኬደው እንደሚለዩ አሳይተዋል። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ያው ልጅ ቆሞ መሄድ ሲጀምር በመዳኽ ያገኘው ጥንቃቄ ስለማይሻገርለት እንደ አዲስ መማር አለበት። እንግዲህ ልጅዎ አሁን ያለበት ወቅት ከካርቱኑ ሕፃን ጋር የሚመሳሰልበት ወቅት ነው። የደረጃውን አፍ በትንሽ በር ይዝጉት፤ የበረንዳው ብረት ክፍተት የልጁን ራስ የሚያሳልፍ ከሆነ በመረብ ወይም በእንጨት ይሸፍኑት፤ ከበረንዳውና ከመስኮቱ ሥር ወንበርም ሆነ ሣጥን አይተዉ። ልጁ እግር ተክሎ መሄድ ሲጀምርም ጥንቃቄውን እንደ አዲስ ይጀምሩት።

*አዘጋጅ ሆይ፣ ይህ ፊልም የሃና እና ባርቤራ የመጨረሻው የቶምና ጄሪ ሥራ ነው ሲባል ሰማሁ። እንዲህ ያለ ተወዳጅ ነገር ለምን ተቋረጠ?*
*የዘወትር አንባቢ፣ ከሐዋሳ*

የሰሙት እውነት ነው። ሁለቱ ሰዎች በፌብሩዋሪ 1940 በወጣው የመጀመሪያ ፊልም ጀምረው በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር 114 አጫጭር የቶምና ጄሪ ፊልሞችን ሠርተዋል፤ ከእነዚህ ሰባቱ ኦስካር ተሸልመዋል። «ቶት ዎቸርስ» የመጨረሻው ነው። ሲኒማ ቤት በደረሰበት ጊዜ የሠራው ክፍል ራሱ ተዘግቶ ነበር።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ቴሌቪዥን በየቤቱ በመግባቱ የሲኒማ ተመልካች ቀንሶ ነበር፤ አጭር ካርቱን ደግሞ ከዋናው ፊልም በፊት የሚታይ ተጨማሪ እንጂ ራሱን የቻለ ትኬት የሚሸጥ አልነበረም። የኩባንያው ኃላፊዎች የቀድሞዎቹን ካርቱኖች እንደገና ማሳየት አዲስ ከመሥራት ጋር የሚቀራረብ ገቢ እንደሚያስገኝ ሲረዱ፣ በ1957 የካርቱን ክፍሉን ዘጉት። በሁለት ዐሥርተ ዓመታት የተሰባሰበ የሠዓሊዎች፣ የቀለም ቀቢዎችና የሙዚቀኞች ሙያ በአንድ ውሳኔ ተበተነ። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፤ ከዚያ ወዲህ እንዲህ በሙሉ ኦርኬስትራ ታጅቦ፣ እያንዳንዱ እርምጃ ተቆጥሮ የሚሠራ አጭር ካርቱን በብዛት ታይቶ አያውቅም።

ሃና እና ባርቤራ ግን በዚያው ዓመት የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ። የቴሌቪዥን በጀት ጠባብ ስለነበር ገጸ ባሕርያቱ አፍና እጅ ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ ከእንቅስቃሴ ይልቅ በንግግር እንዲያስቁ አደረጉ፤ በ1960 የጀመረው «ዘ ፍሊንትስቶንስ» የዚህ ዘዴ ትልቁ ፍሬ ነው። «ቶት ዎቸርስ»ን በጥሞና ሲያዩት ወደዚያ የሚያመራው መንገድ ይታይዎታል። ከ1940ዎቹ ፊልሞች ጋር ሲነጻጸር መስመሩ ወፍሯል፣ የጀርባው ሥዕል ቀሏል፣ የቶም ጠጉር ዝርዝሩ ጠፍቷል። ተቺዎች በዚህ ምክንያት የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሥራዎች ዝቅ አድርገው ይመለከታሉ። ስለ ሥዕሉ ውበት እስማማለሁ፤ በምቱ ግን አልስማማም፤ የሃና ቆጠራ እስከ መጨረሻው ፊልም አልሳተም።

ቶምና ጄሪ ራሳቸው በዚያ አላበቁም። ከ1961 ጀምሮ ጂን ዳይች በፕራግ ከተማ 13 ፊልሞችን፣ ከ1963 እስከ 1967 ደግሞ ቸክ ጆንስ 34 ፊልሞችን ሠርተዋል። ሁለቱም የራሳቸው መልክ አላቸው፤ ነገር ግን ሌላ እጅ መሆኑ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይታወቃል።

*የሦስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ይህን ፊልም ደጋግማ ማየት ትፈልጋለች። ድብደባው አይጎዳትም?*
*እናት፣ ከደሴ*

እኅቴ፣ በመጀመሪያ መጠኑን ይወስኑ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ለሁለት፣ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች በቀን ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ የስክሪን ጊዜ ይመክራል፣ ከዚያ ያነሰ ቢሆን ደግሞ ይሻላል ይላል፤ ለአንድ ዓመት ልጅ ግን ጭራሽ አይመክርም። ፊልሙ ሰባት ደቂቃ በመሆኑ ሁለት ጊዜ ብታየው እንኳ ከዚህ መጠን ብዙ ይርቃል፤ የሚያስቸግረው እርሱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ እየተከተለ መምጣቱ ነው፤ ስለዚህ ሲያልቅ የሚያጠፋው ሰው አጠገቧ ይሁን።

ድብደባውን በተመለከተ፣ ይህ ፊልም ከሌሎቹ የቶምና ጄሪ ሥራዎች ይልቅ የዋህ ነው። በብዙዎቹ ሁለቱ እርስ በርስ ለመጎዳዳት ሲጥሩ፣ በዚህኛው አንድ ልጅ ለማዳን ይተባበራሉ። የሦስት ዓመት ልጅ ግን በካርቱን የተመታ ወዲያው በሚነሣበትና በእውነተኛው ሕይወት የተመታ ሰው በሚታመምበት መካከል ያለውን ልዩነት ገና ስለማትለይ፣ አብረዋት ተቀምጠው ቶም በመጥረጊያ ሲመታ «አመመው አይደል? ምን ስላደረገ ነው የመታችው?» ብለው ይጠይቋት። ሕፃኑ በፎቅ ብረት ላይ ሲሄድም ሕፃናት ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ብቻቸውን እንደማይሄዱ ይንገሯት። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ካላት ደግሞ ተሸክማ ለማዳን እንዳትሞክር በግልጽ ያስረዷት፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ካዩት ውስጥ ፈጥነው የሚቀዱት ሕፃኑን አንሥቶ መሮጡን ነው።